የንስሐ አባት

ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ዱርቤቴ፣ እንደ ሌላው ጎጃም ሁሉ፣ ኅሊናን ንጹሕ አድርጎ መኖር ለአንድ ሰው ብቻ የሚጣል ሸክም አይደለም። የንስሐ አባት አለ።

ካህኑ ቤት ድረስ ይመጣሉ። መስቀል ያሳልማሉ፤ በጣሳ ውኃ ላይ ጸልየው ጠበሉን ከመደቡ እስከ ማጀቱ ይረጫሉ። ያጠፋው ሰው ጎንበስ ብሎ «አባ፣ ይፍቱኝ» ይላል። የሚሰሙት የቤቱን ሰው በየክርስትና ስሙ የሚያውቁት አባት ናቸው። ቀኖና ሆኖ የሚሰጠው ጾም፣ ስግደትና ምጽዋት ለበሽተኛና ለጤነኛ፣ ለድኻና ለሀብታም እኩል አይታዘዝም።

እጅግ የሚያስደንቀው ግን ከቀኖናው በፊት ያለው ነው። ድንበር ገፍቶ ያረሰ መሬቱን መመለስ፣ የተጣላም መታረቅ አለበት። እንዲህ ያለው ንስሐ እርሻው ድረስ ይወርዳል።

የንስሐ አባት የሌላችሁ፣ 55 ቀኑ ዐቢይ ጾም እስኪገባ አትጠብቁ።