መጀመሪያ ሥዕሉን እንይ

ስለ ኑኩስ ሙዚየም የሚያወራ ሰው ሁሉ ከሥዕሎቹ በፊት የሰውየውን ታሪክ ያነሳል። አይፈረድበትም። ኢጎር ሳቪትስኪ እ.ኤ.አ. በ1915 ኪየቭ ተወለደ፤ በ1950 የአርኪዮሎጂ ጥናት ቡድን ተከትሎ በምዕራብ ኡዝቤኪስታን ወደሚገኘው ካራካልፓክስታን ሄደና በዚያው ቀረ። በ1966 ኑኩስ ከተማ ላይ ሙዚየም ከፈተ። በ1984 እስኪሞት ድረስም የተረሱ የሶቪየት ሠዓሊያንን ሥራ ከየመበለቶቻቸውና ከየልጆቻቸው ቤት ሲለቅም ኖረ። ብር ሲያልቅበት በዱቤ ይወስድ ነበር።

ታሪኩ ግሩም ነው፤ ችግሩም እሱ ነው። «የተከለከለ ሥዕል» ሲሉህ ገና ሳታየው ታጨበጭባለህ።

የሊሴንኮን «በሬ» እንውሰድ። ሰማያዊ በሬ ፊት ለፊት ቆሞ ያፈጥብሃል፤ ዓይኖቹ የጠመንጃ አፈሙዝ የመሰሉ ጥቁር ክቦች ናቸው። ባለሥልጣናት ፀረ ሶቪየት ነው ብለው አስወረዱት፣ ሲሄዱ ሳቪትስኪ መልሶ ሰቀለው ይባላል። ይሄን ወሬ ባትሰማም በሬው ያስደነግጥሃል።

የናዴዥዳ ቦሮቫያ ንድፎች ግን ይለያሉ። የሣለችው የስታሊንን ዘመን የእስር ካምፕ ነው፤ ሳቪትስኪ ለባለሥልጣናቱ የናዚ ካምፕ ነው ብሎ እንዳሳለፋቸው ይነገራል። እዚህ ታሪኩን ከንድፉ መነጠል አይቻልም፤ ወረቀቱ ራሱ ምስክር ነው።

ኡራል ታንሲክባዬቭስ? በ1931 «ቀይ መጸው»ን በደማቅ፣ ባልተገራ ቀለም ሣለ። ኋላ ግን መንግሥት የሚወደውን ዓይነት የተፈጥሮ ገጽታ እየሣለ የሶቪየት ኅብረት የሕዝብ ሠዓሊ ተባለ። ታዲያ እሱን ምን እንበለው? ሰማዕት አይደለም። ኑኩስ ያቆየልን እሱ ራሱ የተወውን አሣሣል ነው።

ስለዚህ ከጀግንነቱ ይልቅ እኔ የማደንቅለት ስም አይቶ አለመግዛቱን ነው። እንዲህ በብዛት የሰበሰበ ሰው እጅ ደካማ ሥራም መግባቱ አይቀርም። ታሪክ ባይኖረው ሁለቴ የማናየው ሥዕል አለ፤ ይሄን መናገር ነውር የለውም። ግን ለመፍረድም መጀመሪያ ሥዕሉ መትረፍ አለበት። ተቃጥሎ ስላለቀ ሥዕል ጥሩ ነው መጥፎ ነው ብሎ የሚከራከር የለም።

ሳቪትስኪ ድርሻውን ጨርሷል። የእኛ ድርሻ ለሠዓሊዎቹ ከማዘን አልፈን መጠየቅ ነው፦ በሬው ለምን ሰማያዊ ሆነ? ለምንስ ወደ እኛ ዞረ?