የቋንቋ ቴክኖሎጂ ዕቅድና ወሰኑ፦ ከባሌ ደጋ የመማሪያ ክፍሎች አንጻር ሲመረመር

የቋንቋ ቴክኖሎጂ ዕቅድ ሲነደፍ በመጀመሪያው ገጽ ላይ የሚሰፍረው ሐረግ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ሥራው «ለኢትዮጵያ ቋንቋዎች» ይውላል ይላል። ሐረጉ ለጆሮ ቢጥምም ለሥራ አይመችም። የትኛው ቋንቋ፣ በየትኛው ጽሕፈት፣ ለየትኛው ክፍል ተማሪ፣ ለምን ተግባር የሚሉት ጥያቄዎች ሳይመለሱ ከቀሩ፣ የሥራውን ወሰን የሚያሰምረው ዕቅድ አውጪው መሆኑ ይቀርና በእጅ የተገኘው ጽሑፍና በገበያ የተገኘው መሣሪያ ይሆናል። የዚህም ውጤት በጽሕፈት ቤት አይታይም፤ የሚታየው በመማሪያ ክፍል ነው። ለዚህ የባሌ ደጋ በቂ ማሳያ ይሆናል።

ሮቤና ጎባ በ14 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚራራቁ ከተሞች ናቸው። በሁለቱም ገበያ አፋን ኦሮሞና አማርኛ ጎን ለጎን ይነገራሉ። ከከተማ ወጣ ተብሎ ወደ ሲናና የስንዴ ማሳ ወይም ወደ ዲንሾ ሲዘለቅ ግን የቤቱም ሆነ የአንደኛ ደረጃ ትምህርቱ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። ስለሆነም ልጁ መጀመሪያ የሚለየው ጽሕፈት ቁቤ ሲሆን፣ ከግዕዙ ፊደል ጋር የሚተዋወቀው አማርኛን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት መውሰድ ሲጀምር ነው። ይህ ቅደም ተከተል ለማንኛውም የሮቤ መምህር የታወቀ ነገር ነው፤ በዕቅድ ሰነዶች ውስጥ ግን ቦታ የሚሰጠው እምብዛም ነው።

ነገሩን ቀላል በሚመስለው በአጻጻፍ መሣሪያው መጀመር ይገባል። በኮምፒዩተርና በእጅ ስልክ አማርኛ ከሚጻፍባቸው ዘዴዎች ብዙዎቹ የላቲንን ፊደል ድምፅ ተከትለው የሚሠሩ ናቸው። ከእነዚህም መካከል ሰፊ ተሰሚነት ያገኘው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የተስፋፋው፣ በአሕጽሮት «ሴራ» የሚባለው ሥርዓት ነው። (ስሙ በአማርኛ ጆሮ ደስ አይልም እንጂ ሥራው ቅን ነበር።) በዚህ ሥርዓት «ኤክስ» የምትባለው የላቲን ፊደል የ«ሸ»ን ድምፅ፣ ትንሿ «ሲ» የ«ቸ»ን ድምፅ ትሰጣለች፤ «ጠ»ንና «ጨ»ን ለማግኘት ትልልቆቹን «ቲ»ንና «ሲ»ን መንካት ያስፈልጋል። በቁቤ ግን «ኤክስ» ራሷ «ጥ» ናት፤ «ሲ»ም «ጭ» ናት። እንግዲህ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ቁቤን ያነበበ የሲናና ልጅ «ጠራ» ብሎ ለመጻፍ ቁልፉን ሲነካ «ሸራ» ይወጣለታል፤ «ጫማ» ሲል «ቻማ» ይሆንበታል። መምህሩ ሲያርም የሚታየው አማርኛ ያልገባው ተማሪ ነው። ልጁ ግን ቃሉንም ትርጉሙንም አሳምሮ ያውቃል፤ ጣቱ እንኳ አልተሳሳተም፤ ትምህርት ቤት ያስተማረውን ሕግ በታማኝነት ተከትሏል። በዚህ የ«ሴራ» አዘጋጆች ሊወቀሱ አይገባም። ከአሠራሩ እንደሚታየው የታሰበው ፊደልን አስቀድሞ ለሚያውቅና የእንግሊዝኛን የቁልፍ ሰሌዳ ለለመደ ሰው ነው። ወቀሳው የሚያርፈው ዘዴውን ሳይመረምሩ ወደ ትምህርት ቤት ዕቅድ በሚገለብጡት ላይ ነው። ቁቤን ቀድሞ ለተማረ ልጅ የተለየ የቁልፍ አመዳደብ ማዘጋጀት ከባድ ሥራ አይደለም፤ ነገር ግን በሰነዱ ላይ በግልጽ ካልተጠየቀ ማንም አይሠራውም።

ወሰን ሲሰመር የተረሳ ነገር ዘግይቶ እንደሚገኝ፣ ሲገኝም ፈላጊው ሥፍራውን ለቆ እንደሚሆን ታሪክ ያሳያል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሂደት 15 ቋንቋዎችን ሲያቅፍ ሁሉም የተጻፉት በግዕዝ ፊደል ነበር። በዚህ ፊደል ኦሮምኛን ለመጻፍ አማርኛ የሌለውን ድምፅ የምትወክል «ዸ» ታስፈልግ ነበር፤ ያለ እርሷ ቅቤ የሚለው ቃል፣ ማለትም «ዸዻ»፣ በትክክል አይጻፍም። በ1984 ዓ.ም. አፋን ኦሮሞ ወደ ቁቤ ተሻገረ። «ዸ» በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት የራሷን ቁጥር ያገኘችው ግን የግዕዝ ፊደል በጠቅላላ በገባበት በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ይኸውም በብዛት ትጽፋት የነበረው ቋንቋ ከተለያት በኋላ መሆኑ ነው። የሌሎች ቋንቋዎች ፊደላት ደግሞ ከዚያም በላይ ጠብቀዋል፤ ለሰባት ቤት ጉራጌ የሚያስፈልጉት በ2005 እ.ኤ.አ.፣ ለጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ፣ ለባስኬቶና ለጉሙዝ የሚያስፈልጉት በ2010 እ.ኤ.አ. ተጨምረዋል።

ሁለቱን ቋንቋዎች በአንድ የሥራ ዝርዝር ጠቅልሎ ማቅረብም ሌላው ጉድለት ነው። የግዕዝ ፊደል መጥበቅንና መላላትን አያሳይም፤ «አለ» የሚለው ቃል ሲጠብቅና ሲላላ ሁለት ትርጉም እንዳለው አንባቢው የሚያውቀው ከዐውዱ ነው። ለአማርኛ የሚሠራ የፊደል ግድፈት ማረሚያ ስለዚህ ጉዳይ ሊጨነቅ አይገባውም፤ ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ መሣሪያ ግን ያለዚህ ዕውቀት መሳቂያ ይሆናል። በቁቤ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የሚጠብቅ ድምፅ በድርብ ፊደል ስለሚጻፍ ለአንባቢው መሣሪያ ችግሩ ይቀላል፤ ሸክሙ በግድፈት ማረሚያው ላይ ይወድቃል። ደጋን የሚያመለክተው «ባዳ» የሚጠብቅ ነው፤ ሲላላ «መጥፎ» ማለት ይሆናል። አንዲት ፊደል ብትጎድል የባሌ ልጅ ስለ አገሩ ደጋ የጻፈው ድርሰት ስለ መጥፎ አገር የተጻፈ ይሆናል። ሁለቱም ቃላት በመዝገበ ቃላት ስለሚገኙ፣ የቃል ዝርዝር ብቻ የያዘ ማረሚያ ስሕተቱን ሳያይ ያልፈዋል። ስለዚህ «የግድፈት ማረሚያ ለአማርኛና ለአፋን ኦሮሞ ይሠራል» የሚል አንድ መስመር በእውነቱ ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን በአንድ ስም መጥራት ነው።

ስለ መነሻ ጽሑፍና ድምፅ ክምችትም አንድ ነገር ማንሳት ያስፈልጋል። በ2005 እ.ኤ.አ. ለአማርኛ ንግግር መለያ የቀረበው ክምችት 100 ሰዎች ያነበቡትን 20 ሰዓት ገደማ የሚሆን ድምፅ ይዟል። በ2006 እ.ኤ.አ. የቃል ክፍላቸው ተለይቶ የቀረቡት የዋልታ ኢንፎርሜሽን ማዕከል ዜናዎች 1,065 ሲሆኑ ወደ 210,000 ቃላት ይደርሳሉ። ሁለቱም የሚመሰገኑ ናቸው፤ ከሚመሰገኑበትም አንዱ ምን እንደሆኑ በግልጽ መናገራቸው ነው፤ አንዱ የተነበበ ንግግር፣ ሌላው ዜና። ጉድለቱ የሚመጣው ተዋሹ ይህን ሲዘነጋ ነው። የዜና ቋንቋ ስለ ስብሰባና ስለ መግለጫ ሲናገር ይረዝማል፤ የአራተኛ ክፍል ምንባብ ግን ስለ ጥጃና ስለ ጅብ ነው። አማርኛን በሁለተኛ ቋንቋነት እየተማረ፣ ቃሉን እየቆረጠ የሚያነብ የአጋርፋ ልጅ ድምፅም አቀላጥፈው ከሚያነቡ ሰዎች ድምፅ ጋር አንድ አይደለም። በዚያ ክምችት የሠለጠነ የንባብ መመዘኛ ልጁን ዝቅተኛ ነጥብ ቢሰጠው የተመዘነው ንባቡ ነው ወይስ የእናቱ ቋንቋ?

በጠባብ ወሰን መጀመር ሌላውን ማግለል ነው የሚል መከራከሪያ ይቀርብ ይሆናል። ጠባብነት በራሱ ነውር የለበትም። «ይህ መሣሪያ የአፋን ኦሮሞን የሁለተኛ ክፍል ምንባብ ለማረም ብቻ ያገለግላል፤ ለአማርኛ አያገለግልም፤ ለፈተና ነጥብ መስጫ አይውልም» የሚል ሰነድ፣ ሁሉን አደርጋለሁ ከሚለው ይልቅ ለመምህሩ ይጠቅማል። የማያገለግልበትን ካወቀ በዚያ በኩል በራሱ እጅ ያርማልና።

ከዚህ የተረፈው ዝርዝር በየወረዳው ሁኔታ የሚወሰን ነው። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ሥፍራ ያለ ኔትወርክ መሥራቱ ግዴታ ይሁን ወይስ ምርጫ፣ በአንድ ስልክ ስንት ተማሪ እንደሚጠቀም፣ የቃል ዝርዝሩን በየዓመቱ የሚያድሰው ማን እንደሆነ ገንዘብ ሳይመደብ በፊት በጽሑፍ መስፈር ይኖርበታል። ከእነዚህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ የመማሪያ መጽሐፍ ሲለወጥ ግን አዲሱን ቃል ስሕተት ነው የሚል ማረሚያ በመምህሩ እጅ ይቀራል። የዕቅዱ ረቂቅም ከመጽደቁ በፊት ከሮቤ አንድ፣ ከዲንሾ ወይም ከአጋርፋ አንድ ትምህርት ቤት ተመርጦ፣ ቁቤን ቀድሞ የተማረ አንድ ልጅና ፊደልን ቀድሞ የተማረ ሌላ ልጅ በተራ በአንድ የቁልፍ ሰሌዳ «ጠራ» እና «ጫማ» ብለው እንዲጽፉ ቢደረግ፣ ፈተናው ከአንድ የክፍለ ጊዜ ሩብ አይበልጥም።