በዝናብ ስለ መቅጠፍ

የጓሮ እርሻን ሥራ የሚመዝን ሰው ብዙ ጊዜ ዓይኑን የሚጥለው በተሞላው ቅርጫት ላይ ነው፤ በበጋ ይህ ልማድ እምብዛም አያሳስትም። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን ዘመነ ክረምት ብላ በወሰነችው ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ባለው ጊዜ፣ ይልቁንም ሕዝበ ክርስቲያን ጾመ ፍልሰታን ሲጾም የጎመን ፈላጊ በሚበዛበት በነሐሴ መጀመሪያ፣ ጤነኛውም የተጎዳውም ቅጠል በዝናቡ ታጥቦ እኩል ስለሚያብረቀርቅ፣ ደህናውን ቀጣፊ ከግዴለሹ ለመለየት ቅርጫቱን ትቶ ወደ ቀረው ተክል መሄድ ግድ ይሆናል።

በሆለታ አካባቢ ካለ አንድ የጓሮ እርሻ የገባ ተመልካች አስቀድሞ ከጎመኑ መደብ አጠገብ ጎንበስ ብሎ ግንዱን ይመርምር። ማስተዋል ያለው ቀጣፊ በግራ እጁ ግንዱን ደግፎ፣ በቀኙ ከታች የጎለመሰውን ቅጠል ወደ ጎን ሰበር አድርጎ ስለሚያነሣው፣ የሚቀረው ቁስል ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጥና ልሙጥ ነው፤ መካከል ያለውም ለጋ ቡቃያ ከአምስት ወይም ከስድስት ቅጠል ጋራ ሳይነካ ይቆያል። ችኩሉ ግን መንጭቆ ወደ ታች ስለሚጎትት የግንዱ ቅርፊት ከቅጠሉ ጋራ ተልጦ ይወርዳል፤ በበጋ ቢሆን ፀሐይ ፈጥና የምታደርቀው ይህ ቁስል በክረምት ውሃ እየቋጠረ ብስባሴን ያስገባል። ዱካውንም ማየት ይገባል፤ ዝናብ የጠጣውን መደብ የረገጠ ሰው፣ አፈሩ ተጠቅጥቆ ፀሐይ ሲመታው እንደ ሸክላ ስለሚደርቅ፣ የዛሬውን እስር ሲለቅም የሚቀጥለውን ወር ጎመን አፍኗል።

ከዚህ ሁሉ በላይ እኔ የማምነው ፈተና በእጅ የሚደረግ ነው። ቅጠል ከተቀጠፈ በኋላም ይተነፍሳልና፣ ውሃው ሳይራገፍ ጥብቅ ተደርጎ ታስሮ በማዳበሪያ የታጨቀ ጎመን ከራሱ ትኩሳት የተነሣ ይሞቃል። ጥዋት የታሰረውን በቀትር ፈትቶ ጣትን ወደ መካከሉ መስደድ ነው፤ ቀዝቃዛ ከሆነ የታረመ እጅ ሥራ ነው፤ ለብ ካለ ግን ላዩ የቱንም ያህል ቢያምር ብዙ አይቆይም። አንዲት እናት በዶፍ ውስጥ እያንዳንዱን እፍኝ ሦስት ጊዜ ቁልቁል አራግፈው፣ በሣር ላላ አድርገው አስረው በቅርጫት ሲያቆሙ ካየሁበት ዕለት ጀምሮ የገበያውን ጎመን ሁሉ በሌላ ዓይን እመለከታለሁ።

በዝናብ ቀን የተነቀለ ነጭ ሽንኩርት መመዘንም አያሻውም፤ ልጣጩ ደርቆ ካልከደነው ይሻግታል።

ወደ ጽጌ ሬዳ ስንመጣ ሚዛኑ ይረቃል። ፈክታ ያለቀች ጽጌ ሬዳ ዝናቡን እንደ ጽዋ ስለምትቋጥር፣ ቤት ከገባች በኋላ አመድ የመሰለ ሻጋታ ይወርሳታል፤ ስለዚህ የተማረ ቆራጭ የእንቡጧ የውጭ ቅጠል ገና ላላ ሲል በስለታም ቢላዋ ሰያፍ አድርጎ ይቆርጣታል፣ ራሷን ደፍቶ ውሃዋን ያወርዳል፣ ወዲያውም በንጹሕ ውሃ ባልዲ ያቆማታል። ገዢ የሆነ ሰው የውጭ ቅጠሏን በቀስታ ገልጦ፣ መርፌ የወጋው የመሰለ ቡናማ ነጥብ መኖር አለመኖሩን ይመልከት።

አደይ አበባን ግን በእጁ የዘራት የለምና ሌላ ሕግ አላት። ለእንቁጣጣሽ ሲቀጥፏት ከነሥሯ የሚነቅሉ አሉ፤ እርሷ ደግሞ በየዓመቱ ከዘሯ የምትበቅል ስለ ሆነች፣ ደህናውን ቀጣፊ የማውቀው ነዶውን ይዞ ከሄደ በኋላ ሜዳው አሁንም ቢጫ ሆኖ ሲታየኝ ነው።