ስለ አራቱ ዕፅዋት ትርጓሜ

በኦሪት ዘሌዋውያን 23፥40 ስለ ዳስ በዓል የታዘዘው ቃል አጭር ነው፤ የመልካም ዛፍ ፍሬ፥ ሰሌን፥ የለመለመ ዛፍ ቅርንጫፍና የወንዝ አኻያ ተይዞ ሰባት ቀን በእግዚአብሔር ፊት ደስታ ይደረግ ዘንድ ያዛል እንጂ ምክንያቱን አይገልጽም። የአይሁድ ሊቃውንት ፍሬውን ትርንጎ፥ የለመለመውን ዛፍ ባርሰነት ብለው ተረጐሙ። ምክንያቱን ከፈለጉባቸው ትርጓሜዎች የታወቀው፥ ከልደተ ክርስቶስ በኋላ በ5ኛው መቶ ዓመት ገደማ በተሰበሰበው ዘሌዋውያን ራባ በተባለው መጽሐፍ በ30ኛው ክፍል ይገኛል።

ትርንጎ ጣዕምም መዓዛም አለው፤ ኦሪትን ተምሮ በጎ የሚሠራ ሰው ምሳሌ ነው። ተምር ጣዕም እንጂ መዓዛ የለውም፤ ተምሮ የማይሠራው ነው። ባርሰነት መዓዛ እንጂ ጣዕም የለውም፤ ሳይማር የሚሠራው ነው። አኻያ ከሁለቱም የለውም። እነዚህ ሁሉ በአንድነት ይታሰሩ፥ አንዱም ለሌላው ማስተሰረያ ይሁን ይላል ትርጓሜው።

የዚህ ትርጓሜ ኃይሉ በአኻያው ላይ ነው። ደካማ መምህር ቢሆን ለአኻያው የተሰወረ ጥቅም ይፈልግለት ነበር፤ ይህ ግን ባዶውን ባዶ ብሎ ጠርቶ ከጉባኤው አላወጣውም። ሕጉም ይደግፈዋል፤ በታልሙድ እንደ ተወሰነው ከአራቱ አንዱ የጐደለ እንደሆነ ትእዛዙ አልተፈጸመምና። ስለዚህ ሊቁ አኻያውን መያዙ ምጽዋት አይደለም፤ ያለ እርሱ የራሱም ሥርዓት ይቀርበታል።

የአገራችን መምህራን «አንድም» እንደሚሉት፥ በዚያው ክፍል ሰሌኑ አከርካሪ፥ ባርሰነቱ ዓይን፥ አኻያው አፍ፥ ትርንጎው ልብ ነው የሚልም አለ። ለጸሎት መልካም ነው፤ ነገር ግን ሰው ከራሱ ጋር ተስማምቶ ጎረቤቱን ሊጠላ ይችላልና ከፊተኛው ያንሳል።

ጉድለቱ በማሰሩ ላይ ነው። በሥርዓቱ ሦስቱ ይታሰራሉ፤ ትርንጎው ግን ለብቻው በግራ እጅ ይያዛል። ተርጓሚው ይህን በዝምታ አልፎታል፤ ባያልፈው ኖሮ በማኅበር ለመታሰር የሚያስቸግረው ሁሉ የተሟላለት ሰው መሆኑን ባስተማረ ነበር።

ታሪክም ትርንጎውን ይከሰዋል። ፍላቪዮስ ዮሴፍ (ዜና አይሁድ ከሚነገርለት ከዮሴፍ ወልደ ኮርዮን ሌላ ነው) እንደ ጻፈው፥ ከ103 እስከ 76 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የነገሠው ሊቀ ካህናት እስክንድር ያናይ በዚሁ በዓል በመሠዊያው አጠገብ ቆሞ ሳለ ሕዝቡ በትርንጎ ወገሩት፤ እርሱም 6,000 ያህል ሰው ገደለ። ሚሽናም ውኃውን በእግሩ ላይ ያፈሰሰ አንድ ካህን በትርንጎ እንደ ተወገረ ይናገራል። ትርጓሜውን ያቆዩት ሊቃውንት ሚሽናን ያውቁ ነበርና፥ ስለ አንድነት የተናገሩት መለያየትን ሳያውቁ አይደለም።

የሚያስቆጨው የሰባተኛውን ቀን ሥርዓት አለማንሣቱ ነው። ቤተ መቅደሱ ሳለ ከኢየሩሳሌም በታች ከምትገኘው ከሞጻ ረጃጅም የአኻያ ቅርንጫፎች ይመጡ ነበር። በየቀኑ አንድ ጊዜ፥ በሰባተኛው ቀን ሰባት ጊዜ መሠዊያው ይዞራል፤ የሆሣዕናም ቃል ይጮኻል። ጣዕምም መዓዛም የሌለው ያ አኻያ በመሠዊያው ዙሪያ ቆሞ ጫፉን በመሠዊያው ላይ ያዘነብል ነበር።