የልብ ሥዕልና የሕመምተኛው ዕጣ

የልብ ደም ሥር ጠብቦ ጡንቻው በተዳከመ ጊዜ፥ ሐኪሙ ደም ሥሩን በስቴንት ከመክፈቱ ወይም በባይፓስ ቀዶ ሕክምና አዲስ የደም መንገድ ከማበጀቱ በፊት፥ ሕክምናው ይጠቅም እንደሆነ አስቀድሞ ለማወቅ ይፈልጋል። ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሰጣል ተብሎ ብዙ የተወደሰው የኤምአርአይ ሥዕል ነው። ውዳሴው ግን ከማስረጃው ቀድሞ የሄደ ይመስለናል።

ዘዴው ብልኅነት ያለው መሆኑን ማንም አይክድም። ጋዶሊኒየም ያለበት ፈሳሽ በክንድ ደም ሥር ይሰጣል። ሕያው የሆነ የልብ ሕዋስ ሽፋኑ ደኅና ስለሆነ ጋዶሊኒየሙን ወደ ውስጥ አያስገባም፤ ጡንቻው ሞቶ ጠባሳ በሆነበት ስፍራ ግን በሕዋሳቱ ፋንታ ሰፊ ክፍተት ስላለ በዚያ ይጠራቀማል፥ ቶሎም አይታጠብም። ስለዚህ ከዐሥር ደቂቃ ያህል በኋላ በሚነሣው ሥዕል ጠባሳው ነጭ፥ ሕያው ጡንቻ ጥቁር ሆኖ ይታያል። (ጥቁርን ለሐዘን መልበስ ለለመደ አንባቢ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው።)

የዚህ ሁሉ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 ሬይመንድ ኪምና ባልደረቦቻቸው ያወጡት ጥናት ነው። ከሕክምናው በፊት ደካማ ከነበሩት የልብ ግድግዳ ክፍሎች መካከል፥ ጠባሳ ካልታየባቸው 329 ውስጥ 256ቱ ሲሻሻሉ፥ ጠባሳው ከውፍረታቸው ከመቶ 75 በላይ ከያዘባቸው 58 ውስጥ የተሻሻለው አንድ ብቻ ነው። ቁጥሩ ያስደንቃል። ነገር ግን አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ብሎ የተቈጠረው ምን እንደሆነ ይመልከት፤ የተቈጠረው የግድግዳ ክፍል ነው እንጂ ሰው አይደለም። ሕመምተኞቹ 50 ነበሩ። የአንዱ ልብ ክፍሎች ደግሞ የአንድ ቤት ልጆች ናቸውና፥ እያንዳንዱን ራሱን እንደቻለ ምስክር መቍጠር ያስቸግራል። ከሁሉም በላይ፥ ሕመምተኞቹ በሙሉ ሕክምናውን ያገኙ ስለሆኑ፥ ባያገኙ ኖሮ ምን ይሆኑ እንደነበር ከዚህ ጥናት አይታወቅም። ጥናቱም ይህን እነግራለሁ አላለም፤ አብዝተው ያናገሩት በኋላ የጠቀሱት ናቸው።

ትክክለኛው ፈተና የመጣው እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው፥ ሬቫይቭድ በተባለው የብሪታንያ ጥናት ነው። በእርሱ የገቡት 700 ሰዎች፥ ልባቸው ከሚይዘው ደም በአንድ ምት ከመቶ 35 ወይም ከዚያ ያነሰውን ብቻ የሚረጭ፥ ደካማ ከሆነውም ጡንቻቸው ሕያው ክፍል መኖሩ በምርመራ የታየላቸው ናቸው። ግማሾቹ በዕጣ መድኃኒትና ስቴንት፥ ግማሾቹ መድኃኒት ብቻ ተሰጣቸው። ሦስት ዓመት ተኩል ያህል ከተከታተሏቸው በኋላ፥ የሞቱት ወይም በልብ ድካም ሆስፒታል የገቡት ስቴንት ካገኙት ከመቶ 37.2፥ ካላገኙት ከመቶ 38.0 ሆኑ። ልዩነት የለም ማለት ነው። በማግሥቱ ዓመት የምርመራ ውጤቶቹ፥ አብዛኞቹም የኤምአርአይ ሥዕሎች፥ እንደገና ሲመዘኑ፥ የሕያው ጡንቻ ብዛት ማን በስቴንት እንደሚጠቀም አላመለከተም። የጠባሳው ብዛት ግን፥ ስቴንት ባገኙትም ባላገኙትም ዘንድ፥ ከሞትና ከሆስፒታል መግባት ጋር ተያይዞ ተገኘ።

እንግዲህ ሥዕሉ ይተነብያል ወይ ቢሉ፥ አዎን ይተነብያል፤ የሚተነብየው ግን የጉዳቱን ክብደት እንጂ የሕክምናውን ጥቅም አይደለም። እነዚህን ሁለቱን መቀላቀል የቃል ስሕተት ብቻ ሆኖ አይቀርም።

የባይፓስ ቀዶ ሕክምና ነገር ለብቻው መታየት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው፥ 1,212 ሕመምተኞችን ለዐሥር ዓመት ያህል የተከታተለው የስቲች ጥናት፥ ከተቀደዱት ከመቶ 58.9፥ በመድኃኒት ብቻ ከታከሙት ከመቶ 66.1 መሞታቸውን አሳይቷል። ከእነዚህ መካከል ሕያው ጡንቻቸው በተመረመረው 601 ሰዎች ዘንድ፥ የቀዶ ሕክምናው ጥቅም ሕያው ጡንቻ በመኖሩና ባለመኖሩ ሲለያይ አልታየም። ምርመራው በኤምአርአይ ሳይሆን በሌሎች መሣሪያዎች ስለነበረ፥ የኤምአርአይ ወዳጆች የኛ መሣሪያ ይሻላል ሊሉ ይችላሉ። ይበሉ፤ ግን በቀዶ ሕክምና ላይ ተመሳሳይ ፈተና አቅርበው ያሳዩን። እስከዚያው፥ «ሥዕልዎ ነጭ ስለሆነ ቀዶ ሕክምና አይጠቅምዎትም» ተብሎ ከበር የሚመለስ ሕመምተኛ፥ ለመመለሱ በቂ ማስረጃ አልቀረበለትም።