የደጃች ዓለማየሁ ፎቶግራፎች እንደ ታሪክ ምስክር

ፎቶግራፍ ከመሣሪያው ፊት የቆመውን ብቻ ስለሚመሰክር ከሥዕል ይልቅ ይታመናል የሚል አስተያየት በታሪክ ተማሪዎች ዘንድ የተለመደ ነው። ይህ አስተያየት የት ላይ እንደሚያሳስት ለመረዳት፥ በሐምሌ 1860 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በዋይት ደሴት የተነሡትን የደጃች ዓለማየሁ ቴዎድሮስን ምስሎች መመርመር ይጠቅማል።

ዓለማየሁ ያን ጊዜ የሰባት ዓመት ሕፃን ነበረ። አባቱ ዐፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ ወር በመቅደላ ሞተዋል፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅም የእንግሊዝ ጦር ወደ ባሕር ሲመለስ በግንቦት ወር በመንገድ ላይ ዐርፈዋል። ሞግዚት ሆኖ የወሰደው ካፒቴን ስፒዲ ቀድሞ ቴዎድሮስን ያገለገለና አማርኛ የሚያውቅ መኰንን ነበረ። ምስሎቹን ያነሡት ደግሞ በደሴቲቱ ይኖሩ የነበሩት ስመ ጥሩዋ ወይዘሮ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ናቸው። በምስሎቹ ላይ ልጁም ሞግዚቱም የኢትዮጵያ ልብስ ለብሰው፥ ጋሻና የጦር መሣሪያ ይዘው ወይም ከአጠገባቸው አኑረው ይታያሉ።

የወይዘሮ ካሜሮን ችሎታ አያከራክርም። ነገር ግን በ1859 ዓ.ም. የከዋክብትን ሊቅ ሰር ጆን ሄርሸልን ሲያነሡ፥ ዕቃውን ሁሉ አስወግደው ፊቱ ብቻ ከጨለማ ውስጥ እንዲወጣ አድርገዋል፤ የሰውየው ማንነት በፊቱ ይታወቃል ብለው አምነዋልና። ለንጉሡ ልጅ ግን ፊቱ አልበቃውም፤ ልብስና ጋሻ ተጨመረለት። ሊቁ የቀረበው እንደ አንድ ሰው ነው፤ ልጁ የቀረበው እንደ አንድ አገር ምልክት፥ ያውም ድል እንደ ተደረገ አገር ምልክት ነው።

ወይዘሮዋ እንግሊዛውያንንም የተረትና የቅዱሳት መጻሕፍት ሰዎች አስመስለው ያነሡ ነበር የሚል መልስ ይቀርብ ይሆናል። እውነት ነው፤ ልዩነቱ ግን ከባድ ነው። ማርያምን መስላ የተነሣችውን የቤት ሠራተኛ ማርያም ናት ብሎ የሚያምን የለም። በዓለማየሁ ምስል ሥር ግን የራሱ ስምና የአባቱ ስም ተጽፏል፤ ስለዚህ ተመልካቹ በሠዓሊዋ የተሰናዳውን ሁሉ የልጁ የዘወትር ኑሮ አድርጎ ይቀበለዋል። ስለ ልብስና ስለ መሣሪያ የሚያጠና ተማሪም፥ ዕቃውን ማን እንደ መረጠውና ማን እንዳስያዘው ሳይጠይቅ ምስሉን ማስረጃ ቢያደርገው ይሳሳታል።

ሌላው ስሕተት የሚመጣው ለልጁ ከሚያዝኑ ጸሐፊዎች ነው። እነዚህ ከፊቱ ጸጥታ የሙት ልጅነቱን ኀዘን እናነባለን ይላሉ። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን ምስሉ የሚቀረጸው ገና እርጥብ በሆነ ቅባት በተቀባ መስታወት ላይ ስለ ነበረ፥ ተነሺው ረዥም ጊዜ ሳይነቃነቅ መቀመጥ ነበረበት፤ በወይዘሮ ካሜሮን ዘንድ ይህ እስከ ብዙ ደቂቃ ይደርስ ነበር። እንግሊዛውያን ተነሺዎችም አብዛኛውን ጊዜ ፈገግ ሳይሉ የሚታዩት ስለዚህ ነው። የዓለማየሁን መከራ የሚመሰክረው የሕይወቱ ታሪክ ነው፤ በፊቱ ላይ መከራን መፈለግ ግን እንደ ጋሻው ሁሉ ከውጭ የተጫነ ጌጥ ነው።

እንግዲህ እነዚህ ፎቶግራፎች ዋጋ የላቸውም ማለታችን አይደለም። ስለ መቅደላ ልጅ የሚነግሩን ጥቂት ቢሆንም፥ ድል አድራጊዎቹ እርሱን እንዴት ለማየት እንደ ፈለጉ በግልጽ ይነግሩናል። ዓለማየሁ በኅዳር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ በሊድስ ከተማ ሞቶ በዊንድዘር ተቀበረ፤ ዐፅሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄም የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2015 ዓ.ም. አልተቀበለውም። ወገኖቹ መቃብሩን በአገራቸው ሊያዩ ስላልቻሉ፥ ምስሉ ከቀሩላቸው ጥቂት መታሰቢያዎች አንዱ ሆኗል። ስለዚህ ምስሉን የሚያትም ሁሉ ከልጁ ስም ጋር የአንሺዋን ስም፥ ቦታውንና ዘመኑን አብሮ ቢጽፍ፥ ለልጁ የሚገባውን ፍርድ መስጠት ይጀምራል።