ከላይ ዝናብ፣ ከታች ምስጥ፤ በኢሉባቦር የመኖሪያ ቤት አሠራር ላይ የቀረበ ሂስ

ስለ ኢትዮጵያ ኪነ ሕንፃ ሲጻፍ አስቀድመው የሚነሡት የአክሱም ሐውልቶች፣ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትና የጎንደር ግንቦች ናቸው። ሰፊው ሕዝብ ተወልዶ የሚያድግበት፣ ወልዶ የሚድርበትና አርጅቶ የሚሞትበት የጭቃ ቤት ግን ከድህነት ምልክትነት አልፎ የሂስ ርዕስ ለመሆን የበቃበት ጊዜ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ቤት ቁሳቁሱ ከአየሩ፣ ቅርጹ ከይዘቱ፣ ሠሪው ከነዋሪው ጋር ተስማምተው ወይም ተጣልተው የሚታዩበት ሥራ በመሆኑ እንደ ማንኛውም የጥበብ ሥራ ሊመዘን ይገባዋል። መመዘኛውም ግልጽ ነው፤ በቆመበት ቦታ ስንት ክረምት ይችላል? ሲያረጅስ ባለቤቱ በራሱ አቅም ሊያድሰው ይችላልን?

ለዚህ ሚዛን ከኢሉባቦር የተሻለ ፈታኝ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። ጎሬ በኢትዮጵያ ብዙ ዝናብ ከሚጥልባቸው ከተሞች አንዷ ስትሆን፣ በዓመት የምታገኘው ዝናብ በአማካይ ወደ 2000 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ አንዳንዴም ያልፋል። ዝናቡም የሁለትና የሦስት ወር እንግዳ አይደለም፤ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ ይዘልቃል። ከመቱ እስከ ኖፓ፣ ከያዮ እስከ ጎሬ ያለ ግድግዳ ሁሉ ከላይ በዝናብ፣ ከታች በርጥበትና በምስጥ ይፈተናል።

የአካባቢው ነባር ቤት ለዚህ ፈተና የሰጠው መልስ በሚገባ የታሰበበት ነው። ቋሚው ይተከላል፣ ማገሩ ይታሰራል፣ በጭድ የቦካና ቀናት ያደረ ጭቃ ይመረግበታል፤ ከዚያም በደቃቅ ጭቃ ይለሰናል። ጥበቡ ግን ከሁሉ በላይ ያለው በክዳኑ ነው። የሣር ክዳን ከግድግዳው ርቆ፣ ወደ ታች ጎንበስ ብሎ ስለሚወርድ ውኃው ከግድግዳው ራቅ ብሎ ይፈሳል። ምድጃው የሚያወጣው ጭስም ሣሩን እያደረቀ ነፍሳትን ያርቃል። ልስኑ ሲሰነጠቅ ባለቤቱ ወይም ባለቤቲቱ ከጓሮ አፈር አንሥተው ይጠግኑታል፤ ሥራው ከበዛ ጎረቤት በደቦ ይረዳል። የጥገናው ቁሳቁስ በደጃፍ፣ የጥገናው ዕውቀት በእጅ ነው።

ይህን ማለት ግን የጥንቱን ቤት እንከን አልባ አድርጎ ማወደስ አይደለም። በመሬት ውስጥ የተቀበረው ቋሚ በምስጥ ይበላል፣ በርጥበት ይበሰብሳል፤ ቤቱም ከግድግዳው ቀድሞ ከእግሩ ይሞታል። በእያንዳንዱ እድሳት አዲስ እንጨት ይቆረጣል። የግጦሽ መሬት ሲታረስ የክዳን ሣር ይጠፋል። ስለዚህ ሕዝቡ ወደ ቆርቆሮ መዞሩ በቂ ምክንያት ያለው ምርጫ ነው። ስሕተቱ የተፈጠረው ቆርቆሮው በተተከለበት አኳኋን ነው። ቆርቆሮ በገንዘብ የሚገዛ በመሆኑ ከሁሉ በፊት የሚቆጠበው ከግድግዳ አልፎ የሚወጣው ክፈፍ ሆነ። ውኃው በግድግዳው ሥር ይወርዳል፤ ከመሬት እየነጠረም ልስኑን ይበላል። ጥቂት ክረምት እንዳለፈ የቤቱ እግር ይራቆታል፣ ነዋሪውም «ጭቃ አይረባም» ይላል። በዚህ ፍርድ ላይ ሂስ ሊቀርብ ይገባል፤ የተሰረቀው ክፈፍ ሆኖ ሳለ የተከሰሰው ጭቃው ነውና።

ቅርጽን ከኑሮ ነጥሎ የመውሰድ ስሕተት በዚሁ ምድር ከዚህ በገዘፈ መልክም ታይቷል። ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ በድርቅ ከተጎዱት የሰሜን አካባቢዎች የመጡ ሰፋሪዎች በኢሉባቦር ሰፈሩ፤ ብዙም ሳይቆይ ነባሩ ገበሬ በመንደር ምሥረታ ዘመቻ እንዲሰባሰብ ተደረገ። ጎጆዎቹ በጭቃ፣ በእንጨትና በሣር የተሠሩ፣ መልካቸውም ከነባሩ ብዙ የማይለይ ነበር። ይሁን እንጂ የኢሉባቦር ገበሬ ቤት ግድግዳና ጣሪያ ብቻ አይደለም። ጓሮው፣ ቡናው፣ ጎደሬው፣ ቀፎው፣ ዝንጀሮና ከርከሮ የሚጠብቅበት ማማ ሁሉ የቤቱ ክፍሎች ናቸው። በቀጥታ መስመር የተሰለፈው መንደር ጎጆውን ወስዶ የቀረውን ትቶታል። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ በብዙ ቦታ ገበሬው መንደሩን እያፈረሰ እንጨቱን ተሸክሞ ወደ ቀድሞ ይዞታው ተመለሰ። «ከባለቤት ያወቀ ቡዳ ነው» የሚለው ተረት ለዚያ ዘመቻ ከጥናት የማያንስ ፍርድ ነው።

የዚህ ዓይነቱ ችግር የአንድ ሀገር ብቻ አይደለም። ግብጻዊው መሐንዲስ ሐሰን ፈትሒ በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. በሉክሶር አቅራቢያ አዲስ ጉርናን በጭቃ ጡብና በቅስት ጣሪያ ሲገነባ፣ ውበትንና ርካሽነትን ማስማማት እንደሚቻል ለዓለም አሳይቷል። እንዲሰፍሩበት የታሰቡት ሰዎች ግን ከነባር ቀዬአቸው መነቀልን አልወደዱም፤ መንደሩም ሳይጠናቀቅ ቀረ። ሥራው በሥነ ውበት አሸንፎ በማኅበራዊ ይዘቱ ተረታ።

በአዲስ አበባም እ.ኤ.አ. በ2010 የኢትዮጵያ የኪነ ሕንፃ፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት ከዙሪክ የቴክኖሎጂ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ጋር በመተባበር ባለ ሁለት ፎቅ የአፈር ቤት ለሙከራ ሠርቷል። የምድር ቤቱ ግድግዳ በቅርጽ ውስጥ ከተጠቀጠቀ አፈር፣ የላይኛው ከታመቀ የአፈር ብሎኬት ሲሆን፣ የፎቁን ወለል የሚሸከመው በስስ የአፈር ሸክላዎች የተዋቀረ ቅስት ነው። የሥራው ታላቅነት እንጨትን መቆጠቡና አፈርም ፎቅ ሊሸከም እንደሚችል ማስመስከሩ ነው። ለኢሉባቦር ሲታሰብ ግን ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። እንዲህ ያለ ግድግዳ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት የሚወርድን ዝናብ ያለ ሰፊ ክፈፍ ይችላልን? ቅስቱ ሲሰነጠቅስ የመቱ ግንበኛ ሊጠግነው ይችላልን? ለመጀመሪያው የነባሩ ቤት ክዳን መልስ አለው፤ ለሁለተኛው መልስ የሚሰጠው ግንበኛውን ማሠልጠን ብቻ ነው።

ጉዳዩ የጣዕም ምርጫ ብቻ እንዳይመስል ደኑን ማየት ይበቃል። በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የያዮ የቡና ደን የባሕር ዛፍ ጫካ አይደለም፤ ለዓለም የዐረቢካ ቡና የዘር ጎተራ ነው። በየጥቂት ዓመቱ በሚበሰብስ ቋሚ ላይ የቆመ ቤት በመጨረሻ ዕዳውን የሚያስከፍለው ይህን ደን ነው። በሌላ በኩል ሲሚንቶ ከሙገርና ከአካባቢው ፋብሪካዎች በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ተጉዞ መቱ ይደርሳል፤ ዋጋው ከብዙኃኑ ነዋሪ ኪስ በላይ ነው።

እንግዲህ በኢሉባቦር ተገቢው ቤት ከነባሩና ከአዲሱ የሚወለድ ነው። ጭቃው ይቆይ፤ ቋሚው ግን ከመሬት ተነሥቶ በድንጋይ መሠረት ላይ ይረፍ። ቆርቆሮው ይምጣ፤ ክፈፉ ግን እንደ ሣሩ ዘመን ይርዘም። እንጨት የሚያጥርበት ስፍራ የታመቀ አፈር ይሞከር፤ ቀርከሃ ባለበት ቀርከሃ ያግዝ። ይህን ለማድረግ በየከተማው የሚያስተምር መምህር፣ ዕቅድ ሲነድፍ በቅድሚያ ነዋሪውን የሚጠይቅ ኃላፊ፣ የግንበኛውን እጅ ከቀለም ሠዓሊው እጅ እኩል የሚያከብር ከያኒ ያስፈልጋል። የሁሉም ሥራ የሚመዘነው በምረቃው ቀን ሳይሆን ከአሥረኛው ክረምት በኋላ ነው።